እሜቴ ሜሬኦኒ ለሎሳሊኒ ፊሽካ የነፉበት ዘመን

ንጽሐፍ ዜናሃ ለሜሬኦኒ፣ ነፋሒተ ፊሽካ፣ ዐቃቢተ መስመር።

ከታላቁ ዐውሎ ነፋስ በኋላ በስምንተኛው ዓመት፣ የኅብረት ሥራ ሱቁ ማቀዝቀዣ ማቀዝቀዝ ባቆመ በሁለተኛው፣ ሳኪዩሳ በናሶኒቫ መንደር ላይ ሹም ሆኖ በተቀመጠ በሦስተኛው፣ ባሕሩ ረግቶ ጀልባዎች ያለ ጸሎት በሚወጡበት ወር፣ እሜቴ ሜሬኦኒ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የደሴቲቱን የራግቢ ሜዳ በመስመር ባንዲራና በፊሽካ የዳኙ፣ ለዘመድ ያላዳሉ፣ የገዛ ባላቸውን የወንድም ልጅ በፍጻሜ ጨዋታ ከሜዳ አስወጥተው ማታ እራቱን ያቀረቡለት፣ በመንደሩ አዳራሽ ተነሥተው ያደረጉትን እንጽፋለን። ስለዚህ ነገር ብዙዎች ብዙ ያወራሉ፤ እኛ ግን የምንጽፈው በዚያው ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን፣ እግራችን እስኪደነዝዝ ድረስ ያየነውን ነው። በዜና መዋዕል ዐዋጅ እንጂ ወሬ መጻፍ ስለማይገባም፣ ማንም ሰው የተናገረውን ሁሉ እንደ ዐዋጅ ቆጥረን አኑረነዋል።

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፣ የጉልበት ሕመም እሜቴን ከሜዳ ካስወጣቸው በኋላ፣ ፊሽካው በአንገታቸው ላይ ሥራ ፈትቶ ተንጠለጠለ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ እሳቸውም የሰውን ንግግር ቁጭ ብለው ማዳመጥ ጀመሩ፤ ባዳመጡም ጊዜ ክርክርም እንደ ጨዋታ ጥፋት እንዳለው፣ ጥፋቱን የሚያይ ዳኛ ግን እንደሌለው አስተዋሉ። የመጀመሪያው ፊሽካ የተነፋው በገዛ ባላቸው በቶማሲ ላይ ነው፤ እርሱም አንድ ጠዋት ስለ ተቀደደው መረብ ሲከራከር፣ «ትጮኺያለሽ፤ ስለዚህ ተሳስተሻል» ብሎ ዐውጆ ነበር። እሜቴም ነፍተው፣ «የመታኸው ጩኸቴን ነው፣ ኳሷን አልነካሃትም» ብለው ፈረዱበት።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ በቤታቸው ጸና። ኳስ ማለት የተባለው ነገር ነው። ኳሷን ትቶ ተናጋሪውን የጠለፈ ጥፋት ሠራ። ደግሞም ራግቢ ኳስ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት የማይወረወርበት ጨዋታ እንደ መሆኑ፣ ማስረጃው ገና ከኋላ እያዘገመ ፍርዱን ወደ ፊት የወረወረ ጥፋት ሠራ። ያልተባለ ነገር አንሥቶ የሚሟገትም ኳስ ያልያዘ ሰው እንደ ጣለ ይቆጠራል። ቶማሲ ከዚህ በኋላ ዓሣ ለማጥመድ በጣም ርቆ መሄድ ጀመረ፤ ዓሣው ስለ ራቀ ነው አለ፤ በዚህም ተነፋበት።

አሁን ወደ ጦርነቱ እንመለስ። ከናሶኒቫ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ቩኒዳሙ የሚባል መንደር አለ፤ ሁለቱም መንደሮች በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ፣ ሰባት ሰው ለሰባት ሰው፣ ሰባት ደቂቃ ወዲህ ሰባት ደቂቃ ወዲያ፣ ከእንጨት ለተጠረበ አንድ ጋሻ ይጋጠማሉ። ጋሻው ስድስት ዓመት በናሶኒቫ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ኖረ። ከዚያ ሎሳሊኒ፣ የቶማሲ እህት፣ ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ኤሮኒን ይዛ ከሱቫ ከተማ ወደ ትውልድ መንደሯ ተመለሰች፤ በየዓመቱም በሜዳው ግራ ዳር ከትልቁ ዛፍ ሥር ተቀመጠች፤ በየዓመቱም ናሶኒቫ ተሸነፈ፤ እነሆ አራት ዓመት ሆነ። ግድግዳው ላይ የቀረው ምስማሩ ብቻ ነው።

በዚህም የተነሣ ወሬ ወጣ፤ ሎሳሊኒ ገደ ቢስ ናት፣ ዐይኗ ኳስ ያከብዳል ተባለ። አርብ ዕለት መንደሩ ተሰብስቦ፣ በማግስቱ ጨዋታው እስኪያልቅ ከቤቷ እንዳትወጣ ሊወስን ሆነ። ዐይኑን ሳያሽ የሚወስን ስብሰባ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሎሳሊኒ በእሜቴ ሜሬኦኒ ደጅ ቆመች። እነዚህ ሁለት ሴቶች፣ በደሴቲቱ ልማድ እርስ በርሳቸው ዳውቬ የሚባባሉ፣ ይኸውም ሚስትና የባል እህት ማለት ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ በወጉ አልተነጋገሩም ነበር፤ ምክንያቱም ሎሳሊኒ በመጣች በሳምንቷ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የሜሬኦኒ ምንጣፍ ከዓሣ መረብ የሚለየው ዓሣ ባለመያዙ ብቻ ነው ብላ ነበር። አሁንም ግቢ ሳትባል፣ ሳትቀመጥ፣ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦

«ዳውቬ፣ ስለ ምንጣፍሽ ያልኩትን አላነሣም፤ ልክ ነበርኩ። ግን ኤሮኒ ሰኞ በጀልባ ይሄዳል። አውስትራሊያ፣ ብርቱካን ለቀማ። ሦስት ዓመት ብለውታል። ቅዳሜ ሲሮጥ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንቺ ያቺ ፊሽካ አለችሽ።»

እሜቴም ይህን በሰሙ ጊዜ ልባቸው ተነካ፤ ልባቸው መነካቱም እንዳይታወቅባቸው ስለ ምንጣፉ ተቆጡ። ሎሳሊኒ ከሄደች በኋላ ግን ፊሽካውን አውልቀው በሳሙና አጠቡ።

በበነጋውም እሜቴ ሜሬኦኒ ወደ አዳራሹ ወጡ። ተከትለዋቸው ከወጡት መካከል፣ ባላቸው ቶማሲ፣ ባለብዙ መረብ፣ እንዳያመልጥ በክንዱ ተይዞ፤ ሦስቱ የምንጣፍ ሠሪዎች ማኅበር እናቶች፣ እያንዳንዳቸው በየማራገቢያቸው፤ የመዘምራን መሪው፣ የመጣው ምላስ ለሚያደነዝዘው መጠጥ፣ ለያንጎናው ቢሆንም፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸትን ሰው ሁሉ የሚከተለው ሚኒስትር የተባለው ውሻ፤ ከኋላም ተሸፋፍና፣ ራሷን ደፍታ፣ ሎሳሊኒ። በአዳራሹ ሹሙ ሳኪዩሳ ከላይ ተቀምጦ፣ በፊቱ ትልቁ የእንጨት ገበታ ያንጎና ተሞልቶ፣ ወንዶቹ እንደ ማዕረጋቸው ተደርድረው፣ ሴቶቹ ከበሩ በኩል ሆነው ነበር። ጽዋው ዞረ፤ ምላስ ደነዘዘ፤ ነገሩ ተከፈተ።

የመጀመሪያው ተናጋሪ የቡድኑ አሠልጣኝ ቪሊኬሳ ነበር፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ በራሱ የሚተማመን ሰው።

«ማንም እንዳይቀየመኝ» አለ። «እትዬ ሎሳሊኒን እወዳታለሁ፤ እጇም ይጣፍጣል። ግን ቁጥር አይዋሽም። ሳትመጣ በፊት ስድስት ዓመት ጋሻው እዚህ ነበር። መጣች፣ ዛፉ ሥር ተቀመጠች፣ ተሸነፍን። በሁለተኛው ዓመት ተቀመጠች፣ ተሸነፍን። በሦስተኛው ጉንፋን ይዟት ተሸፋፍና መጣች፤ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆና አሸነፈችን። አራተኛውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

አዳራሹ በማጉረምረም ሲያጸድቅለት፣ ከበሩ በኩል ፊሽካ ተነፋ። እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ ጣሪያ ሥር ተሰምቶ ስለማያውቅ የመዘምራን መሪው ጽዋውን አፈሰሰ። እሜቴ ሜሬኦኒም በታመመ ጉልበታቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ፈረዱ፦

«ኳሷ ወደ ፊት ተወርውራለች። እሷ ከመጣች በኋላ ሆነ ማለት እሷ ስለ መጣች ሆነ ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ተቀየረ፤ ጣሪያውን እናፍርሰው? በዚያው ዓመት ኢኖኬ የሞተር ጀልባ ገዛ፤ ጀልባውን እናስጥመው? በዚያው ዓመት ደግሞ፣ ልጄ ቪሊኬሳ፣ አንተ አሠልጣኝ ሆንክ።»

ሳቁ ከሴቶቹ በኩል ጀመረና እንደ ማዕበል ወደ ላይ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ ጭናቸውን መቱ። ቪሊኬሳም አንገቱን ደፍቶ የምንጣፉን አሠራር መመርመር ያዘ።

ነገር ግን ባለጀልባው ኢኖኬ፣ ጀልባው በከንቱ የተነሣችበት፣ ተቆጥቶ ተነሣ። ኢኖኬ ከእሜቴ ጋር እኩያ ነው፤ ምላሱም እኩያ ነው። «ሜሬኦኒ፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ። «ከሌላ ደሴት በጋብቻ የመጣሽ ሴት ነሽ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖሽ ካሳቫ እንኳ በወጉ አትቀቅይም። ደግሞ የባልሽ እህት ናት፤ ለዘመድሽ ነው የምትከራከሪው።»

እሜቴም ነፉ፤ ከነፉም በኋላ ታላቅ ትሕትና አሳዩ። «ካሳቫዬ መጥፎ ነው» አሉ። «ቶማሲ ይመስክር።» ቶማሲም፣ ዕድሜ ልኩን ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። «ግን ካሳቫዬ ጥሬ ስለሆነ ንግግሬ ውሸት አይሆንም። ኳሷን ትተህ እኔን ጠለፍከኝ። ለዘመዷ አዳላች ላልከው ደግሞ፣ ሎሳሊኒ ስለ ምንጣፌ ያለችውን ያልሰማ እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አልወጣም። ውሻው ሚኒስትር እንኳ ሰምቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥፋቱ ከየአቅጣጫው ዘነበ። ጥርስ የሌላቸው አባባ ማዚዩ፣ ሕፃን ዐዋቂ ሳይለይ መንደሩ ሁሉ የሚለው ነገር እንዴት ሐሰት ይሆናል ብለው ዐወጁ፤ እሜቴም ስለ ዕድሜያቸው ፊሽካውን ቀስ አድርገው ነፍተው፣ «አባባ፣ ተመልካች ሜዳ ገባ። ተመልካች ሺህ ቢሆን ነጥብ አያስቆጥርም። አምና መንደሩ ሁሉ ዐውሎ ነፋስ መጣ ብሎ ዕቃውን ተሸክሞ ተራራ ወጣ፤ ሬዲዮው የደገመው የድሮ ዜና ነበር» አሉ። ያን ዕለት ከሁሉ ቀድመው ተራራ የወጡት አባባ ማዚዩ ስለ ነበሩ፣ ነገሩን ለማስረዘም አልፈለጉም።

በመጨረሻም ሹሙ ሳኪዩሳ ራሱ ጉሮሮውን ጠረገ። እርሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥርዓት ይወዳል፤ በጣም ይወዳል። «እኔ የምሰጋው ለሥርዓቱ ነው» ሲል ዐወጀ። «ስብሰባ የተጠራበትን ነገር ዛሬ ዝም ብለን ብንተው፣ ነገ አንዱ ውሻውን ይዞ ሜዳ ይገባል። ከነገ ወዲያ አሳማ ሜዳውን ይቆፍራል። በኋላ ሜዳ የለንም። ሜዳ የሌለው መንደር ምን መንደር ነው? ቩኒዳሞች መጥተው መሬቱን ይወስዱታል።»

በሹም ላይ ፊሽካ መንፋት ቀላል ነገር አይደለም። የእሜቴ እጅ በአንገታቸው ባለው ፊሽካ ላይ ቆመ፤ ዞር ሲሉ ግን ሎሳሊኒን ከበሩ አጠገብ ጉልበቷን አቅፋ አዩአት፤ ነፉም፤ ትንሽ አድርገው። «የተከበሩ ሹም፣ በአንድ ምት አራት ጨዋታ ጨረሱ። መጀመሪያ የመጀመሪያውን እንጫወት። አንዲት ሴት ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ከዚህ ውሻው በምን በኩል ገባ?» ያን ሰዓት ውሻው በአዳራሹ መካከል ተጋድሞ ያንኮራፋ ስለ ነበር ጥያቄው ለጥቂት ጊዜ ግራ አጋባ፤ ሆኖም ሹሙ ራሱ ፈገግ ሲል ሰዉ ነገሩ ገባው። ቪሊኬሳ ተስፋ ቆርጦ፣ «እንግዲያው እርስዎ ቩኒዳሞች እንዲያሸንፉ ነው የሚፈልጉት» ቢል፣ እሜቴ ሳይነፉ የምንጣፍ ሠሪዎቹ እናቶች በአንድ ድምፅ፣ «ኳስ ያልያዘ ሰው ጣልክ» አሉት። ሕጉ ከቤት ወጥቶ በሕዝብ መካከል የጸናው በዚህች ሰዓት ነው።

ያን ጊዜ እሜቴ ሜሬኦኒ በድላቸው ጫፍ ላይ ቆመው ታላቁን ዐዋጅ ዐወጁ፦ «ማስረጃችሁ ሁሉ ፈርሷል። ስለዚህ ሎሳሊኒ በሽንፈታችን ምንም እጅ የላትም። ነጻ ናት።» በዚህ ቃል ላይ ማንም አልነፋም፤ በመንደሩ ያለው ፊሽካ አንድ ብቻ ነበርና። ሹሙም ሎሳሊኒ በቦታዋ እንድትቀመጥ ፈቀደ፤ ሕዝቡም መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ሎሳሊኒ ምስጋና አልተናገረችም፤ በልብሷ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ ወጣች።

ምስጋናው የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ በቆርቆሮ ሆኖ ነው። ሎሳሊኒ በየዓመቱ ከጨዋታው በፊት ፑሪኒ ትሠራ ነበር፤ ይኸውም ስኳር እስኪጠቁር አሳርራ፣ በወፍራም የኮኮናት ወተትና በዱቄት ለውሳ፣ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ በእንፋሎት የምታበስለው ጥቁር ኬክ ነው። ለሰባቱ ተጫዋቾች ሰባት ቆርቆሮ ትሠራለች፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ጨመረችና ትኩሱን ለእሜቴ ወሰደች። እሜቴም አንድ ቁራጭ በሉ።

በልተውም መነሣት አቃታቸው። ዐይናቸው ከበደ፣ እግራቸው ከምንጣፉ ጋር አንድ ሆነ፤ ቶማሲ መረቡን አንሥቶ ሲወጣ እያዩ እንኳ የሚነፉበት ትንፋሽ አልነበራቸውም። እንዲሁ ተጋድመው፣ እጃቸው የደረሰበትን የድሮ የውጤት ደብተራቸውን አንሥተው ያገላብጡ ጀመር፤ ዳኝነቱን ቢተዉም መመዝገቡን አልተዉም ነበርና። የመጀመሪያው ዓመት፣ በእረፍት ሰዓት ናሶኒቫ ዐሥራ አራት፣ ቩኒዳሙ ባዶ። ሁለተኛው ዓመት፣ ናሶኒቫ ይመራል። ሦስተኛውም ይመራል። አራተኛውም። በአራቱም ዓመት በሁለተኛው አጋማሽ ናሶኒቫ አንድ ነጥብ እንኳ አላስቆጠረም።

እሜቴ ሆዳቸውን አዩ፤ ቆርቆሮውን አዩ፤ የሜዳው መንገድም ታወሳቸው። በዚያች መንገድ ላይ ሎሳሊኒ ቆርቆሮዎቿን ደርድራ ለሚያልፈው ሁሉ «ማይ ካና፣ ና ብላ» ትላለች። ባዕድ መንገደኛ ቢሆን «ጠግቤያለሁ» ብሎ ማለፍ ይፈቀድለታል። ነገር ግን ሎሳሊኒ ከሰባቱ ለስድስቱ አክስት ናት፣ ለአንዱ እናት፤ አክስት በእጇ የሠራችውን ቆማ እያየች ግማሽ ትቶ የሚሄድ ጎረምሳ በናሶኒቫ ገና አልተወለደም። ሰባቱም ቆርቆሯቸውን ጨርሰው ነው ሜዳ የሚገቡት፤ ፑሪኒው የሚከብዳቸውም ጥቂት ከሮጡ በኋላ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ሎሳሊኒ በርግጥ ቡድኑን አሸንፋው ነበር፤ በዐይኗ ሳይሆን በእጇ። ክርክራቸው ሁሉ ጥፋት ነበር፤ የደረሱበት ቦታ ግን እውነት ሳይኖርበት አልቀረም።

እሜቴ ሜሬኦኒ በዚያ ምንጣፍ ላይ ተጋድመው የተቸገሩትን ያህል በዐሥራ አንድ ዓመት ዳኝነት ተቸግረው አያውቁም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ቢናገሩ፣ ቪሊኬሳ «አላልኩም?» ይላል፤ ሎሳሊኒም በዚያችው ቅዳሜ ወደ ቤቷ ትባረራለች፤ ልጇንም ሳታይ ይሄዳል። ዝም ቢሉ፣ ሰባቱ ልጆች ቆርቆሯቸውን በልተው ይወድቃሉ፤ ኤሮኒም የመጨረሻ ጨዋታውን ሆዱን ይዞ ይጨርሳል፤ ሽንፈቱም እንደገና በእናቱ ላይ ይላከካል። የራሳቸውም ስም ነበረ፤ ትናንትና ማታ የሌለው፣ ዛሬ በየቤቱ የሚነሣው። ይህን ሁሉ አመዛዘኑ፤ የስሙ ነገር ከሁሉ የበለጠ ከበዳቸው፤ ይህም አሳፈራቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሜዳው ሲወርድ፣ ሎሳሊኒ በመንገዱ ዳር ቆርቆሮዎቿን ደርድራ፣ የመጀመሪያው ልጅ እጁን ሲዘረጋ፣ ሦስት ረጅም ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም ቆመ። እሜቴም እጃቸውን በገዛ ራሳቸው ላይ ጠቁመው ዐወጁ፦

«ጥፋቱ የኔ ነው። ትናንት ማስረጃችሁ ስለ ፈረሰ ነገሩም ውሸት ነው ብያለሁ። ኳሷን ወደ ፊት ወርውሬያለሁ። መንገድ የሳተ ሰውም አንዳንዴ በስሕተት ቤቱ ይደርሳል። ትናንት ከዚህ ፑሪኒ አንድ ቁራጭ በልቼ ሁለት ሰዓት መነሣት አቅቶኛል።»

«ሦስት ቁራጭ» አለች ሎሳሊኒ።

«ሦስት ቁራጭ» አሉ እሜቴ። ጸሐፊው ከላይ አንድ ብሎ የጻፈው ስለ ክብራቸው ነው።

ከዚያም ደብተራቸውን ከፍተው የአራቱን ዓመት ውጤት አነበቡ። ቪሊኬሳ ግን ፊቱ በራ። «ታዲያ ያልኩት ልክ ነበር» አለ። «ወደ ቤቷ ትሂድ።»

ፊሽካው ከአፉ ቀደመ። «መድረሻህ ልክ ነበር፤ መንገድህ አልነበረም። መንገድህ ልክ ቢሆን ኖሮ የምታባርረው ቆርቆሮውን እንጂ ሴትየዋን አልነበረም። መቀመጧ ማንንም አላሸነፈም። ፑሪኒው ከጨዋታው በኋላ ይበላ፤ ሎሳሊኒ ትቀመጥ። ይህም ቢሆን ግምቴ ነው፤ ባዶ ሆዳችሁን ተጫወቱና እንይ።» ሹሙ ሳኪዩሳም፣ የምግብ ሰዓት መደንገግ ሥርዓት ስለሆነ፣ ደስ ብሎት አጸደቀው።

ሎሳሊኒ ግን ቆርቆሮዎቹን እያየች ቀረች። «አራት ዓመት ሙሉ ልጄን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ?» አለች። ይህን የተናገረችው ለማንም አልነበረም። እሜቴም በዚያ በታመመ ጉልበታቸው፣ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አጠገቧ ተቀመጡ። «መገብሻቸው እንጂ ምን አደረግሽ» አሉ። «እናት ሌላ ምን ታደርጋለች።» ሁለቱም ዛፉ ሥር እስኪደርሱ ተደጋግፈው ሄዱ።

ጨዋታውም ተጀመረ። የናሶኒቫ ልጆች አንዳንድ ቁራጭ ፓፓያ ብቻ በልተው ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ዐሥራ ሁለት ለባዶ አለቀ፤ ይህ አዲስ ነገር አልነበረምና ማንም አልጨፈረም። በሁለተኛው አጋማሽ ግን እግራቸው ከእነርሱ ጋር ነበር። ኤሮኒ በቀኝ በኩል ኳሷን ተቀብሎ፣ ሁለት ሰው አልፎ፣ ሦስተኛውን በትከሻው ገፍቶ ጥሎ፣ ከመስመሩ ማዶ መሬት አስነካት፤ አምስት ነጥብ፤ ዐሥራ ሰባት። በአራት ዓመት የመጀመሪያው የሁለተኛ አጋማሽ ነጥብ ነበር። ሎሳሊኒ ዐይኗን ሳትነቅል የእሜቴን ክንድ እስኪበልዝ ጨበጠች።

ነገር ግን ቩኒዳሞችም ሰዎች ናቸው፤ ዘንድሮ ፈጣን ሰዎች ነበሩ። አንድ አገቡ፣ ካገቡ በኋላ በሚመታው ምትም ሁለት ነጥብ ጨመሩ፤ ሁለተኛ አገቡ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በጥጉ በኩል ሦስተኛውን አገቡ፤ ዐሥራ ሰባት ለዐሥራ ሰባት። ከዚያም አንድ ቀጭን ልጅ ከዚያው ከጥጉ፣ ነፋሱ ፊት ለፊቱ እየነፈሰ፣ ኳሷን መታት፤ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አለፈች። ዐሥራ ዘጠኝ። አለቀ።

ናሶኒቫ ዳግመኛ ተሸነፈ። እንደ ልማዱም ዐይኖች ወንጀለኛ ፍለጋ ተነሡ። ጥቂቶቹ ወደ ዛፉ ሥር ሄዱ፤ ጥቂቶቹ ከሌላ መንደር ወደ መጣው ዳኛ፤ ጥቂቶቹ ሜዳው ዳር ወደ ተኛው ውሻ፤ ኢኖኬም «ልጆቹን ማን አስራበ?» ሊል አፉን ሲከፍት ታየ። እሜቴ ሜሬኦኒ ፊሽካውን ወደ ከንፈራቸው አነሡ፤ ደክሟቸው ነበር፤ ግን አነሡ።

ያን ጊዜ አሠልጣኙ ቪሊኬሳ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እጁን በወገቡ ላይ አድርጎ ወደዚያ ቀጭን ልጅ እያየ፣ «በለጡን» አለ።

ሁሉም ጠበቁት። ስለዚህ፣ ምክንያቱም፣ ቢሆን ኖሮ፣ የሚል ነገር ይከተላል ብለው ጠበቁ። አልተከተለም። «በለጡን» አለ ደግሞ፤ ሄዶም የልጁን እጅ ጨበጠ። ኢኖኬም አፉን ዘጋ። ሎሳሊኒ ተነሥታ ሰባቱን ቆርቆሮ ከፈተች፤ ለሁለቱም መንደር «ማይ ካና» አለች፤ አሸናፊና ተሸናፊ አብረው በሉ፤ አብረውም መነሣት አቃታቸው። ኤሮኒ ላቡ ሳይደርቅ መጥቶ ራሱን በእናቱ ጭን ላይ አደረገ፤ እርሷም ወደ እሜቴ ዞር ብላ፣ «አየሁት» አለች። «አባቱን መሰለኝ፣ አሯሯጡ።» ሰኞም ጀልባዋ መጣች፤ ወሰደችው።

እንግዲህ የጻፍነውን እንፈጽም። ለእሜቴ ሜሬኦኒ፣ ለነፋሒተ ፊሽካ፣ በባላቸው ላይ ጀምረው በሹማቸው ላይ ለነፉ፣ በመጨረሻም በራሳቸው ላይ ለነፉ፣ ክብርና ረጅም ዕድሜ፣ ለጉልበታቸውም ምሕረት ይሁን። ጋሻው ዛሬም በቩኒዳሙ ነው። ነገር ግን ናሶኒቫ ከተመሠረተች ጀምሮ ተሸንፋ ጥፋተኛ ሳትፈልግ ወደ ቤቷ የገባችበት የመጀመሪያው ቀን ያ ቅዳሜ ነው። ይህም ከእሜቴ ፊሽካ በኋላ ሆነ። በእርሳቸው ምክንያት ሆነ ብሎ መጻፍ ግን ኳሷን ወደ ፊት መወርወር ስለሚሆን፣ ጸሐፊው አይጽፈውም፤ ስለሚወዳቸው ብቻ እንደዚያ ያምናል።